የግቢ ርግብ ቤት፦ ሳጥን፣ ቆርቆሮ፣ ጭቃ ወይስ ጣውላ?

ርግብ ለማርባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ርግቦቹ ነው። ነጭ ይሁኑ ቡራቡሬ፣ ስንት ጥንድ ይበቃል፣ ከማን ይገዙ። ቤታቸው የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ርግቦቹ በካርቶን ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። ያኔ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ «ግድግዳ ላይ ሳጥን ስቀልላቸው፣ ይበቃቸዋል» ይላል። ሌላው «ከዶሮዎቹ ጋር ይደሩ እንጂ፣ ምን ወጪ ያስወጣሃል» ይላል። አናጺው ደግሞ እጁ ላይ በተረፈው እንጨትና ቆርቆሮ ልክ ቤት ይነድፍላችኋል።

ሁሉም የሚሉት በየራሳቸው ግቢ ሠርቶላቸው ይሆናል። የእናንተ ግቢ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከዓይነቶቹ በፊት መለኪያዎቹን እንያዝ። የእኔ አቋም ከመነሻው ይታወቅ፦ የርግብ ቤት የሚመዘነው በክረምትና በሌሊት ነው። በጥቅምት ፀሐይ፣ በቀትር ሲያዩት የማያምር የርግብ ቤት የለም። ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውስጡ ምን ይመስላል? ጥያቄው እሱ ነው።

የጻፍኩት አዲስ አበባን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደሴን፣ ጎንደርን የመሰሉ ከተሞችን አስቤ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ አካባቢ ያላችሁ ብርዱን ተዉትና ስለ ቆርቆሮ ሙቀት የምለውን በእጥፍ ውሰዱት።

## መለኪያዎቹ

ደረቅነት። ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ርግብ ብርድ ትችላለች። ላባዋ ደረቅ ከሆነና ከጠገበች የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይጥላትም። የማትችለው እርጥበትን ነው። እርጥብ ወለል ላይ የወደቀ ኩስ ቶሎ አይደርቅም። ባልደረቀ ኩስ ውስጥ ደግሞ ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስና የሆድ ትል ለመዛመት ይደርሳሉ። ከሱ የሚነሳው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ዓይናቸውንና መተንፈሻቸውን ይለበልባል።

ጫጩት ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የርግብ ጫጩት ሲፈለፈል ዓይኑ አልተገለጠም፣ ላባም የለውም። እናትና አባት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳይለዩ አቅፈው ያሞቁታል። ሳምንት ካለፈው በኋላ ግን እየተዉት መውጣት ይጀምራሉ፣ እሱ ገና በወጉ ላባ አላወጣም። ጎጆው እርጥብ ከሆነ ጫጩት የሚሞተው ያን ጊዜ ነው።

ውሃ ደግሞ በጣሪያ ቀዳዳ ብቻ አይገባም። ነፋስ የሚገፋው ዝናብ በፊት ለፊቱ ሽቦ ይገባል። ከመሬት ይሰርጋል፣ ሲዘንብም ከመሬት ይረጫል። አራተኛው ከራሱ ከቤቱ ይመጣል። የርግቦቹ ትንፋሽ ሌሊት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃነት ይቀየርና ንጋት ላይ ጎጆ ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው «ጣሪያዬ አያፈስም፣ ታዲያ ይህ እርጥበት ከየት መጣ?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሌሊት ጥበቃ። ርግብ በጨለማ የምታየው ጥቂት ስለሆነ ከተቀመጠችበት አትነቃነቅም። ድመት ወይም ሸለምጥማጥ አንዴ ውስጥ ከገባ አንዷን ወስዶ አይሄድም፣ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። አይጥ እንቁላሉንና ትንንሾቹን ጫጩቶች ይበላል፣ መኖውንም ይበክላል። ስለዚህ የምትገዙት ሽቦ ትንሹ ጣት የማያልፍበት ይሁን። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያቆማል እንጂ አይጥን አያቆምም።

አየር። ሞቃትና ቆሻሻ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ መውጫ፣ ከታች መግቢያ ያስፈልገዋል። ነፋሱ በቀጥታ ጎጆው ላይ እንዳይነፍስ ብቻ ተጠንቀቁ። ጠዋት በሩን እንደከፈታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡና አሽትቱ። ዓይናችሁን ካቃጠለ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ለጽዳት መመቸት። ለማጽዳት የማይመች ቤት አይጸዳም። እጃችሁ የማይደርስበት ጥግ ካለ፣ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ጥግ ነው።

ጎረቤትና ኪራይ። ርግቧ የናንተ ናት፣ ኩሱ ግን የጎረቤት ጣሪያ ላይም ይወድቃል። ጎረቤት ስንዴ ወይም ሽምብራ ስጥ ካሰጣ መጀመሪያ የሚያገኙት የናንተ ርግቦች ናቸው። ዝናብ ከጣሪያ ተቀብሎ ሮቶ የሚሞላ ጎረቤት ካለ ጉዳዩ የጤናም ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ቤቱ ተነቃቅሎ አብሯችሁ መሄድ አለበት።

ወጪ። በብር አልናገርም፣ የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ በየወሩ ይቀያየራል። በሚፈጀው ዕቃ እለካዋለሁ፣ ዋጋውን ሰፈራችሁ ጠይቁ።

## መጠኑን የሚወስነው ቁጥር ነው

ርግብ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። 18 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ። አባት ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ እናት የቀረውን ቀንና ሌሊቱን። ጫጩቱ በአራትና በአምስት ሳምንቱ ጎጆውን ይለቃል። እናትየው ግን ያን አትጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ጎጆ ውስጥ እያሉ ቀጣዮቹን እንቁላሎች ትጥላለች። ለዚህ ነው ለአንድ ጥንድ ሁለት ጎጆ የሚያስፈልገው። አንድ ብቻ ከሰጣችኋት አዲሱን እንቁላል ጫጩቶቹ ይረግጡታል።

በደንብ ከተቀለቡ አንድ ጥንድ በዓመት ከአሥር ጫጩት በላይ ማሳደግ ይችላል። እነዚያም በስድስት ወራቸው ገደማ ራሳቸው ይጥላሉ። በሁለት ጥንድ የጀመረ ሰው በዓመቱ ቤት የሚጠበው ለዚህ ነው።

በየቀኑ ለሚለቀቁ ርግቦች ለአንድ ጥንድ ግማሽ ካሬ ሜትር ወለል አስቡ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ስድስት ጥንድ ይይዛል ማለት ነው። ተዘግተው የሚውሉ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ። የጎጆ ሳጥኑ በየጎኑ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከጎጆው ሌላ ለእያንዳንዷ ርግብ የራሷ መቆሚያ ያስፈልጋል። ርግብ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ተደርድራ አታድርም፣ ለቦታዋ ትጣላለች። ዘሯ ከገደል ርግብ ስለሆነ ከክብ እንጨት ይልቅ ጠፍጣፋ ጣውላ ትወዳለች፣ ከፍ ያለውንም ትመርጣለች።

ቀለቡንም አብራችሁ አስሉ። አንድ ርግብ በቀን ወደ 40 ግራም እህል ትበላለች። ለአሥር ርግብ በወር 12 ኪሎ ነው። ስንዴ፣ ማሽላ፣ የተከካ በቆሎና አተር ተቀላቅሎ ይስማማታል። ይህን ወጪ የማትችሉት ከሆነ ትልቅ ቤት አትሥሩ፣ ምክንያቱም ርግቦቹ ቤቱን መሙላታቸው አይቀርም።

ቁጥሩን መግታት ሲያስፈልግ እንቁላሉን አንስቶ መጣል መፍትሔ አይሆንም። እናትየው ወዲያው ሌላ ትጥልና ጉልበቷ ያልቃል። እንቁላሉን በተጣለ በቀን በሁለት ቀኑ ቀቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ መልሱላት። ታቅፋው ትቆይና ቀኑ ሲያልፍ ራሷ ትተወዋለች።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን

በአዲስ አበባ ግቢዎች በብዛት የምናየው ይህ ነው። ሁለት ሦስት ክፍል ያለው የእንጨት ሳጥን ከጣሪያ ክፈፍ ሥር በምስማር ይመታል። ዕቃው ጥቂት ነው። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ይበቃዋል፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱም ታገኛላችሁ። ክፈፉ ሰፊ ከሆነ ዝናብ አያገኘውም። ግድግዳው ለስላሳ ሲሚንቶ ከሆነና ሳጥኑ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ካለ ድመትም በቀላሉ አይደርስበትም።

ዋናው ጉድለቱ አይዘጋም። የገዛችኋቸው ርግቦች አዋቂ ከሆኑ በበነጋው ወደ ሻጩ ቤት በርረው ይመለሳሉ። ቤቱን እስኪለምዱ የምታቆዩበት ቦታ የለማ። የታመመችውን ከጤነኞቹ መለየት፣ ሌሊት ያዝ አድርጎ ማየት፣ ቀለቡን መቆጣጠር፣ ሁሉም ያስቸግራል። ጽዳቱ መሰላል ይፈልጋል፣ መሰላል የሚፈልግ ጽዳት ደግሞ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ከመረጣችሁት ክዳኑን በማጠፊያ አድርጉት፣ ከላይ ተከፍቶ ይጸዳ። መግቢያው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 15 ቁመት ይሁን። ከመስኮትና ከበር በላይ አትስቀሉት፣ በተለይ ከመኝታ ቤት መስኮት። ከሦስት ጥንድ በላይ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን አማራጭ ዝለሉት።

### ከዶሮ ቤት ጋር ማጋራት

አጭር መልስ አለኝ፦ አታጋሩ። ፈንግል፣ ኮክሲዲያና ትል ለሁለቱም ይተርፋል። ዶሮዎቹ ከታች ሆነው የርግቦቹን ኩስ ይጭራሉ፣ ርግቦቹም መሬት ወርደው የዶሮ ኩስ በገባበት ውሃ ይጠጣሉ። የእንቁላል ዶሮ መኖም የርግብ ቀለብ አይደለም። ግቢው ጠባብ ሆኖ ግድ ካላችሁ፣ አንድ ጣሪያ ይጋሩ፣ ግን መሐላቸው ሙሉ ግድግዳ ይቁም፣ በሩም፣ የውሃ ዕቃውም ለየብቻ ይሁን።

### መሬት ላይ የቆመ የቆርቆሮ ቤት

አራት አጠና ተተክሎ ዙሪያውንም ጣሪያውንም በቆርቆሮ ማልበስ ነው። በአንድ ቀን ያልቃል። አይጥ ቆርቆሮ አይበሳም። ድመት አይቧጥጠውም። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ይፋጃል፣ ሌሊት ደግሞ ከውጭው አይሻልም። ቅድም ያልኩት የንጋት ጠብታ በጣም የሚታየው እዚህ ነው። በረዶ ሲጥል ጩኸቱ ርግቦቹን ከጎጆ ያስነሳቸዋል፣ ሲደናበሩም እንቁላል ይሰብራሉ። ሰው ወጪ ለመቆጠብ ቀጭኑን 35 ጌጅ ይገዛል፣ እሱ ደግሞ ድምፁም ሙቀቱም ይብሳል።

ይህን ቤት የሚያድነው ኮርኒስ ነው። ከጣሪያው በታች አራት ጣት ያህል ክፍተት ትታችሁ የተዘረጋ ማዳበሪያ ወይም ሰሌን ወጥሩበት። ክፍተቱ በሁለቱ ጎን ክፍት ይሁን፣ አየሩ ይመላለስበት። ጠብታው ማዳበሪያው ላይ ይቀራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ግድግዳውም እስከ ላይ በቆርቆሮ አይዘጋ። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ሽቦ ይሁን። ወለሉ አፈር ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው፣ ስለ ወለል ለብቻው እመለስበታለሁ።

### የጭቃ ቤት

ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ሙቀትና ብርድን በመከላከል ከሁሉም ይበልጣል። ቀን አይግልም፣ ሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ግድግዳው እርጥበት ስለሚስብ ጠብታም የለውም። ርግብ ማርባት ከጭቃ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። በግብፅ የአባይ ዳር መንደሮች ከጭቃና ከገንቦ የተሠሩ ረጃጅም የርግብ ማማዎች ዛሬም አሉ። ኢራን ውስጥ ኢስፋሃን አካባቢም ለማዳበሪያ ኩሱን ለመሰብሰብ ብቻ የተሠሩ ትልልቅ የጭቃ ማማዎች ነበሩ።

ነገር ግን ግብፅና ኢስፋሃን የእኛ ክረምት የላቸውም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ የጭቃ ግድግዳን ከሥሩ ይበላዋል። የድንጋይ መሠረትና ሰፊ ክፈፍ የሌለው የጭቃ ቤት በሁለተኛው ክረምት ይላጣል። አይጥም ይቆፍረዋል። ስንጥቁ ውስጥ ቅንቅን ይደበቃል፣ አታጥቡት ነገር። በየዓመቱ መስከረም ላይ መለሰን ይፈልጋል። ሰፊ ግቢ፣ የራስ ጭቃና የራስ ጉልበት ላለው ሰው ግን ርካሽና ደግ ቤት ነው። ውስጡን በኖራ ቀቡት፣ ስንጥቁንም ነፍሳቱንም ይቀንሳል።

### በእግር ላይ የቆመ የጣውላ ቤት

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። አራት ወይም ስድስት እግር ላይ፣ ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ሦስቱ ጎን ጣውላ፣ ፊት ለፊቱ ግማሽ ጣውላ ግማሽ ሽቦ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ በፊት በኩል ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ግቢያችሁ ውስጥ ዝናብ ከየት በኩል እየተገፋ እንደሚመጣ ግን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሽቦውን ከዚያ አቅጣጫ አሽሹት።

እግሮቹ ላይ ገንዘብም ጊዜም አትቆጥቡ። የባሕር ዛፍ እንጨት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ምስጥና ብስባሽ ይበላዋል። ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አቁሙት፣ የታችኛውን ክፍል የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ዘይቱ እግር ላይ ብቻ ነው፣ ቤቱ ውስጥ እንዳታስገቡት። ከዚያ እያንዳንዱን እግር መሐሉ ላይ ሁለት ስንዝር ስፋት ባለው ለስላሳ ላሜራ ጠቅልሉት። አይጥ ላሜራ ላይ ጥፍሩ አይይዝለትም፣ ይንሸራተታል። የተገለበጠ ትልቅ የወተት ጣሳም እግሩ ላይ ቢሰካ ያንኑ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ቤቱ ከግድግዳና ከዛፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ከራቀ ነው። ካልራቀ አይጡ በእግር አይመጣም፣ ከግድግዳው ይዘላል።

የእንጨት ምርጫ ላይ አናጺው ቺፑድ ካመጣላችሁ መልሱት። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ ይፈርሳል። ኮምፔንሳቶም ጠርዙ ካልተቀባ ይላጣል። ተራ የግንባታ ጣውላ፣ ያረጀም ቢሆን፣ ይሻላል። ለማዕዘኑ ሞራሌ ይበቃል።

ጉድለቱ ወጪው ነው። ከቆርቆሮው ቤት ይበልጣል፣ ጥሩ አናጺም ይፈልጋል። አናጺው በማዕዘን ላይ የጣት ስፋት ክፍተት ከተወ ጥቅሙ ግማሽ ይጠፋል። ሥራው እንዳለቀ በቀትር ውስጥ ግቡና በሩን ዝጉ። ካልሰፋ ደግሞ ጭንቅላታችሁን አስገብታችሁ በጨርቅ ሸፍኑ። ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይታያችኋል። አናጺው ሳይሄድ፣ ገንዘቡም ሳያልቅ ያን አድርጉ።

## ወለሉ ለብቻው ይታሰብ

ሰው ስለ ጣሪያ ብዙ ያወራል፣ ስለ ወለል ግን አይጠይቅም። ርግቧ የምትታመመው ደግሞ ከወለሉ ነው።

የአፈር ወለል ኩሱንም ውሃውንም ይጠጣል፣ አይጥም በሱ ይገባል። አይሆንም።

የሽቦ ወለል ኩሱን ወደ ታች ያሳልፋል፣ እግራቸውም ንጹሕ ይሆናል። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ያጓጓል። በክረምት ግን ከታች የሚመጣው ነፋስ በቀጥታ ሆዳቸው ላይ ይነፍሳል። ከሥሩ የሚከማቸው ኩስና የሚረግፈው እህል ደግሞ አይጥ ይጠራል። ከመረጣችሁት ጎጆዎቹ ድፍን ጣውላ ላይ ይቀመጡ፣ ሥሩም በየሳምንቱ ይጠረግ።

ድፍን የጣውላ ወለል የእኔ ምርጫ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ኩሱ ጠንካራ ቅርፊት ይሆንና በጠፍጣፋ መፋቂያ በአንዴ ይነሳል። ስስ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ብትበትኑበት ይቀላል። በክረምት በውሃ አትጠቡት፣ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። ስትጠርጉ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የርግብ አቧራ ዓመታት ሲቆይ የሳንባ አለርጂ የሚያመጣበት ሰው አለ። አስም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ጽዳቱ የሱ ሥራ አይሁን። የጠረጋችሁትን ኩስ ከቅጠልና ከገለባ ጋር አከማችታችሁ አብስሉት። ትኩሱን ጎመን ሥር ብታደርጉት ያቃጥለዋል።

የጎጆው ወለል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለስላሳ ጣውላ፣ ላስቲክ ወይም ጋዜጣ ላይ የተፈለፈለ ጫጩት እግሩ የሚይዝበት ያጣል። ሲያድግ ሁለት እግሩ ወደ ጎንና ጎን ይከፈትና አይቆምም። ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ተንሸራቶ ነው። ጭድ፣ ቀጫጭን ጭራሮ፣ የመጥረጊያ ስባሪ ወለሉ ላይ ጣሉላቸው። አባትየው አንድ በአንድ እየለቀመ ያመጣል፣ እናትየው ከሥሯ ትጎዘጉዘዋለች። ሥራውን እነሱ ያውቁበታል።

## ክፍት ወይስ ዝግ?

የቤቱን ዓይነት ከመረጣችሁ በኋላ ርግቦቹ ይለቀቁ ወይስ ይዘጉ የሚለው ይመጣል። የሚለቀቁ ርግቦች ጤናቸው ይጠነክራል። አደጋው ጭልፊት ነው፣ ከዚያም የጎረቤት ስጥና ጣሪያ። ሌላም አለ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው አንገቷ ላይ ነጭ ያለባት የደጋ ርግብ አዲስ አበባን ሞልታታለች። ግቢ ውስጥ እህል ከበተናችሁ እሷም መጥታ አብራ ትለቅማለች፣ በሽታም ልትለዋወጥ ትችላለች። ስለዚህ ቀለብ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ይሰጥ።

የተዘጋ ቤት የሚስማማው ጭራቸውን እንደ ማራገቢያ ለሚዘረጉት ዓይነት ርግቦች ነው። በደንብ አይበሩም፣ ለጭልፊትም ቀላል ናቸው። እነሱን ለሽያጭ የሚያረባ ሰው ከቤቱ ፊት በሽቦ የታጠረ መናፈሻ ይሥራላቸው፣ ፀሐይ ይሙቁበት።

እኔ የምወደው መካከለኛውን ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀለብ በፊት መልቀቅ። ስለራባቸው ርቀው አይሄዱም፣ እህሉ በጣሳ ሲንኳኳ ይገባሉ። መግቢያቸው ላይ ከላይ የተንጠለጠሉ፣ ወደ ውስጥ ብቻ የሚገፉ ቀጫጭን ዘንጎች ብትሰቅሉ፣ የዘገየችዋም ገፍታ ትገባለች፣ መልሳ ግን አትወጣም። በር ላይ ቆማችሁ መጠበቅ ይቀራል።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ደረቅነት | የሌሊት ጥበቃ | አየር | ጽዳት | ለመንቀል | ወጪ | የሚይዘው |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| የግድግዳ ሳጥን | ክፈፍ ካለ ጥሩ | መካከለኛ፣ አይዘጋም | ጥሩ | አስቸጋሪ | ቀላል | በጣም ዝቅተኛ | 1–3 ጥንድ |
| ከዶሮ ጋር | ደካማ | እንደ ዶሮ ቤቱ | ደካማ | አስቸጋሪ | – | የለም ማለት ይቻላል | አይመከርም |
| የቆርቆሮ ቤት | ያለ ኮርኒስ ደካማ | ጥሩ | ሽቦ ከተተወለት ጥሩ | ደህና | መካከለኛ | መካከለኛ | 4–10 ጥንድ |
| የጭቃ ቤት | መሠረትና ክፈፍ ካለው ጥሩ | አይጥ ይቆፍረዋል | መስኮት ይፈልጋል | አስቸጋሪ | አይነቀልም | ጉልበት ካለ ዝቅተኛ | 6 ጥንድና በላይ |
| በእግር የቆመ ጣውላ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ቀላል | በቡሎን ከታሰረ ቀላል | ከፍተኛ | 3–8 ጥንድ |

## ለማን የትኛው?

ልጅ ርግብ አምጡልኝ ብሎ ላስቸገራችሁ ወላጆች። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ፣ ትንሽ በእግር የቆመ ቤት፣ ልጁ መሬት ላይ ቆሞ እጁ የሚደርስበት ከፍታ። ሳጥኑ ይረክሳል፣ ግን ልጅን መሰላል ላይ ያወጣል። ትንሽ ቤት ደግሞ ዕቃው ብዙ አይደለም። ከጨረሰ በኋላ እጁን በሳሙና መታጠብ ግዴታው ይሁን።

ለተከራይ። የጣውላውን ቤት በምስማር ሳይሆን በቡሎን አሠሩት። አምስት ገጽ ሆኖ ተፈትቶ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ርግቦቹ ግን እንደ ዕቃው አይደሉም። አዲሱ ሰፈር ቅርብ ከሆነ አዋቂዎቹ ወደ ድሮው ግቢ ይመለሳሉ። አዲሱ ቤት ውስጥ ተዘግተው አንድ ዙር ጫጩት እስኪያሳድጉ አትልቀቋቸው። ከሁሉም በፊት ግን አከራያችሁን ጠይቁ።

እጅ ላጠረው። ቆርቆሮውን ይሥራ፣ ግን ገንዘቡን ከግድግዳ ቆጥቦ ወለሉና ኮርኒሱ ላይ ያውለው። ያገለገለ ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ችግር የለውም፣ የምስማር ቀዳዳ ያለበትን ጣሪያ ላይ አታድርጉ እንጂ። ወለሉን ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ ጣውላ ብታነጥፉበት ከውዱ ቤት ጋር ያለው ልዩነት በጣም ይጠባል።

ሰፊ ግቢ ላላቸው፣ ከከተማ ዳር ላሉ። ጭቃው ያዋጣል። የድንጋይ መሠረቱን ጉልበት ድረስ አድርሱት።

ለሽያጭ ለሚያረባ። አንድ ትልቅ ቤት ሳይሆን ሁለት መካከለኛ ቤቶች። አንዱ የጥንዶቹ፣ አንዱ ጎጆ የለቀቁት ወጣቶች። ከነዚህ ሌላ ራቅ ያለች አንዲት ትንሽ ሳጥን አዲስ ለተገዛች ርግብ ትኑር። አዲስ የመጣች ርግብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። አንገቷ የሚጠማዘዝ፣ ኩሷ ውሃ የሆነ፣ አፏ ውስጥ ቢጫ ነገር የያዘች ርግብ ካያችሁ ከሌሎቹ ሳትቀላቅሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ለርግብ የትኛውና እንዴት እንደሚሰጥ ግን ሐኪሙ ይንገራችሁ።

## ቅደም ተከተሉ

ቤቱ መጀመሪያ፣ ርግቦቹ በኋላ። ቤቱ ካለቀ በኋላ አንድ ዝናብ ይምታው። ዝናቡ እንዳባራ በነጋታው ጠዋት ወለሉንና የጎጆ ሳጥኖቹን በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥብ ካገኛችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ርግብ ግዙ። ከአዋቂ ይልቅ ጎጆ በቅርብ የለቀቁ፣ ገና የአምስትና የስድስት ሳምንት ልጆችን ምረጡ። ገና የትም አልበረሩም፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ቤታቸው አድርገው የሚይዙት የናንተን ነው። ሽቦው አጠገብ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ዙሪያውን ይዩ። የመጀመሪያውን ቀን ስትለቋቸው ዝናብና ነፋስ አይኑር፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ተኩል ገደማ ይሁን፣ ከጠዋት ጀምሮም አትቀልቧቸው። በሩን ከፍታችሁ ራቅ በሉ፣ አታባርሯቸው። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ላይ ብቻ ወጥተው ይመለሳሉ፣ ያ በቂ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጣሳውን አንኳኩ።